የመዳብ አመል

ወርቅ ጨዋ ነው። ብርም እንደዚያው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሟሟበት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ኤሌክትሪክ ብትለቁባቸው አንድ ነገር ይሠራሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ነገም ያንኑ፣ ከነገ ወዲያም ያንኑ። መዳብ ግን አመለኛ ነው። ሚቴን ይሰጣል፣ ኤትሊን ይሰጣል፣ አልኮል ይሰጣል። ደስ ሲለው ደግሞ ሁሉንም ደባልቆ ያቀርባል።

ጀርመን አገር በተማርኩባቸው ዓመታት ሥራዬ ይህን አመል ማጥናት ነበር። አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ነገሩ ግን አይለቀኝም። በየጥቂት ወሩ «ሳይንቲስቶች ጭስን ወደ ነዳጅ ቀየሩ» የሚል ዜና ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ይልክልኛል። በተለይ አጎቴ አያልፉኝም። «ይኸው የአንተ ነገር ደረሰ! ታዲያ የሙገር ሲሚንቶን ጭስ ለምን ቤንዚን አታደርጉልንም?» ይሉኛል።

ለጋሼ በስልክ የምሰጣቸው መልስ አጭር ነው፤ «ይቻላል፣ ግን ውድ ነው።» እዚህ ቦታ ስላለኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ዜናው የሚዘለው ነገር፣ ለእኔ፣ ከዜናው የበለጠ ይጥማል።

በመጀመሪያ ስለ ጋዙ እንግባባ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ነው። ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ፣ የነበረውን ሙቀት ሰጥቶ ያረፈበት ነው። ከዚህ በኋላ አይነድም። እሳት ማጥፊያ ውስጥ የሚሞላውም ለዚህ ነው። ከእሱ ነዳጅ መሥራት ማለት እንግዲህ እሳቱ የሰጠውን ጉልበት መልሶ መክፈል ነው። መንገድ ላይ የሚባክነው ሲጨመር ክፍያው ከተገኘው ይበልጣል። የትኛውም ካታሊስት፣ ማለትም እንደ መዳብና ወርቅ ያለ ሥራ አፋጣኝ፣ ይህን ዕዳ አይሰርዝም። ካታሊስት ሥራውን ያፋጥናል፣ ብክነቱን ይቀንሳል። ዋናው ዕዳ ግን የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ድርድር የለውም።

መሣሪያው ሲያዩት ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ በመሃላቸው ሜምብሬን የሚባል ስስ ማገጃ። በአንዱ ወገን ውኃ ይሰነጠቅና ኦክስጅን ይወጣል። በሌላው ወገን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ካርቦኑ ከጋዙ፣ ሃይድሮጅኑ ከውኃው፣ ጉልበቱ ከሶኬቱ ይመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይም ፎርሚክ አሲድ ለመሥራት 2 ኤሌክትሮን ይበቃል። ሚቴን 8 ይፈልጋል። ኤትሊንና ኢታኖል እያንዳንዳቸው 12 ይፈልጋሉ።

ሰው ሁሉ ኤትሊንን የሚያሳድደው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን በሕግ እየተከለከለ ያለው ፌስታል የሚሠራው ከእሱ ነው። የውኃ ቱቦው፣ ጄሪካኑ፣ የግሪንሃውስ ላስቲኩም እንዲሁ። ዓለም በዓመት ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ ኤትሊን ታመርታለች፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ይህን ከጭስ መሥራት ቢቻል በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው።

የዚህ ሁሉ ታሪክ መሃል ላይ አንድ ሰው አለ፤ ዮሺዮ ሆሪ። ጃፓን ውስጥ በቺባ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። ከእሱ በፊትም ሰዎች ይህን ጋዝ በኤሌክትሪክ ይሞክሩት ነበር፤ ፎርሚክ አሲድ በዚህ መንገድ እንደሚገኝ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ሆሪ ያደረገው ሌላ ነው። ብረታ ብረቱን ሁሉ አሰልፎ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ፈተናቸው፤ ከዚያ ከኤሌክትሮዱ የወጣውን ጋዝም ፈሳሹም ውስጥ የቀረውን ለካ። ኤሌክትሪኩ የት የት እንደ ሄደ ሒሳቡ እስኪገጥም ድረስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ጽሑፍ ሚቴን ከመዳብ ላይ በደንብ እንደሚገኝ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ኤትሊን ተከተለ።

የእሱ ሠንጠረዥ ዛሬም በየላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የእኛም ግድግዳ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው ላይ ወርቅ ከተሰጠው ኤሌክትሪክ 87 በመቶ ያህሉን ለካርቦን ሞኖክሳይድ ያውላል። ብር 81 በመቶ ያህሉን። እርሳስ 97 በመቶውን ለፎርሚክ አሲድ ይሰጣል፤ ቆርቆሮም የእርሳስ ወገን ነው። ኒኬል፣ ብረትና ፕላቲነም ጋዙን ችላ ያሉት ይመስል ከውኃው ሃይድሮጅን ያወጣሉ። የመዳብ ረድፍ ጋ ስትደርሱ ግን ቁጥሩ ይበታተናል። ሲሶው ሚቴን፣ ሩቡ ኤትሊን፣ ከአምስት እጅ አንዱ ሃይድሮጅን፣ የቀረው ለፎርሚክ አሲድና ለአልኮሎች ይዳረሳል። ኤሌክትሮኑን በርከት አድርጎ ወደ ሚቴንና ኤትሊን የሚወስድ ሌላ ንጹሕ ብረት ሠንጠረዡ ላይ አታገኙም።

ለምን መዳብ ብቻ? መልሱ አያያዝ ላይ ነው። ጋዙ መጀመሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ወርቅና ብር ይህን ሞለኪውል ወዲያው ይለቁታል። ስለዚህ ሥራው እዚያው ያልቃል። ፕላቲነምና ኒኬል ደግሞ አጥብቀው ይይዙታል፤ ገጻቸው በእሱ ተሸፍኖ ሃይድሮጅን ከማውጣት ሌላ ሥራ መሥራት ያቅታቸዋል። መዳብ በመሃል ነው። ሞለኪውሉ እንዳይሄድ ይይዘዋል፣ ግን እጅ እግሩን አያስረውም። በዚህ ፋታ ሃይድሮጅን ይጨመርበታል። ወይም ጎን ለጎን የተያዙ ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይዶች ይጋጠማሉ። ሁለት ካርቦን የተገናኙ ጊዜ የኤትሊንና የኢታኖል መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ይህ ጥበቡ ነው፤ ጣጣውም ይኸው ነው። መንታ መንገዱ ብዙ ነው። አቶሞቹ በአራት ማዕዘን የተደረደሩበት የመዳብ ገጽ ወደ ኤትሊን ያደላል። በሦስት ማዕዘን የተደረደሩበት ገጽ ወደ ሚቴን ያደላል። ይህንንም ያሳየው ሆሪ ነው፤ አቶሞቹ ሁሉ በአንድ ሥርዓት የተደረደሩበት ነጠላ ክሪስታል እያስቆረጠ። ተራ የመዳብ ቅጠል ላይ ሁሉም ዓይነት ገጽ ስላለ ሁሉም ዓይነት ምርት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች፣ ኬንድራ ኩልና ቶማስ ሃራሚዮ ካሉበት ቡድን፣ ከአንድ መዳብ ላይ 16 ዓይነት ውህድ ቆጠሩ። አስቡት፤ አንድ ጋዝ አስገብታችሁ 16 ነገር ይወጣል። ለተመራማሪ ሠርግ ነው። ለፋብሪካ ግን ቅዠት ነው፤ 16 ነገር መለየት ራሱን የቻለ ሌላ ፋብሪካ ይፈልጋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምናጠፋው ጊዜ ግን በዚህ ትልቅ ሐሳብ ላይ አይመስላችሁ። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በማጠብ ነው። የእውነቴን ነው። ዕቃ ማጠብ፣ ጨው ማጣራት፣ መዳብ መወልወል። መዳብ ውኃው ውስጥ ቅንጣት ታህል ብረት ወይም ዚንክ ካለ አይወድም። ኤሌክትሪኩ ሲበራ እነዚያ ርዝራዦች ተሰብስበው ገጹ ላይ ይለጠፋሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ሚቴኑ ይቀራል፣ ሃይድሮጅን ብቻ መፍላት ይጀምራል። ሌሎች ላቦራቶሪዎች «መዳብ ቶሎ ይሞታል» ብለው ሲጽፉ ሆሪ «መዳቡን የሚገድለው የእናንተ ውኃ ነው» የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጠ። ፈሳሹን አስቀድሞ በሌላ ኤሌክትሮድ እያጸዳ ሲሞክር ሥራው ሳይቀንስ እንደሚቀጥል አሳየ። በመሃል የተነሳውን ክርክር ሳነብ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሳይንስ ብለን ስንከራከር የኖርነው ስለ ንጽሕና ነበር።

ሌላም አለ። በተቃራኒው ወገን ያለው ኤሌክትሮድ ፕላቲነም ከሆነ ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ይሻገርና መዳቡን ይበክለዋል። አልኮል አገኘሁ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መለኪያ ቱቦህን በምን አጠብከው?» ተብሎ ነው። በአልኮል ያጠበ አልኮል ቢያገኝ ምን ይገርማል! ለዚህ ጥርጣሬ መድኃኒት አለው። ካርቦን 13 የሚባለው ከበድ ያለ ካርቦን ያለበት ጋዝ ይገዛል። ምርቱ ላይ ያ ካርቦን ከታየ፣ እውነትም ከጋዙ ነው የመጣው። ካልታየ ግን ከሌላ ቆሻሻ ነው። ጋዙ ውድ ስለሆነ እንደ ቅዱስ ውኃ ነበር የምንቆጥበው። አሁን እንኳን አንድ የሚያጓጓ ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ሙከራ አድርገዋል ወይ የሚለውን ነው።

ስለ መዳቡ ገጽ ሳስረዳ እናቴ ቶሎ የገባት በምጣድ ነው። ከገበያ የመጣ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይወጣለትም፤ በጎመን ዘር ደጋግመው ካላሹት ሊጡ ይይዛል። ሸክላው ያው ሸክላ ነው፣ የተለወጠው ገጹ ነው። መዳብም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ክርስቲና ሊና ማቲው ካናን መዳብን በአየር ላይ አግለው ወፈር ያለ ኦክሳይድ አለበሱት። ከዚያ ያንን ኦክሳይድ በኤሌክትሪክ መልሰው መዳብ አደረጉት። የተገኘው መዳብ በኬሚካል ዓይን ያው መዳብ ነው። ሥራው ግን ሌላ ሆነ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ፎርሚክ አሲድ ለመሥራት ከተወለወለው መዳብ በጣም ያነሰ ቮልቴጅ በቃው። ከዚያ ወዲህ መዳብን የማሟሸት ዘዴ የማይጻፍበት ሳምንት የለም። በአዮዲን የሚያሽ አለ፣ በፕላዝማ የሚመታ አለ፣ በብር የሚቀባ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የብዛት ነው። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ስትከፍቱ ያ ሁሉ የሚንፎለፎለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እዚያ የቆየው ግፊት ስላለ ነው። በክፍት አየር፣ ጋዙን ያለማቋረጥ ብትነፉበት እንኳን፣ አንድ ሊትር ውኃ በ25 ዲግሪ የሚይዘው 1.5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱ ይህን ቶሎ ይጨርስና አጠገቡ ያለው ውኃ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ ስትጨምሩ የሚጨመረው ሃይድሮጅን ነው። ለዓመታት የነበረው ጣሪያ ይህ ነበር።

መፍትሔው ጋዙ በውኃ ውስጥ ማለፉን ማስቀረት ሆነ። መዳቡ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው፣ ውኃ በማያሳልፍ ስስ ገጽ ላይ ይቀባል። በአንድ ጎን ጋዝ፣ በሌላው ጎን ፈሳሽ። ጋዙ ከጀርባ በቀጥታ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የቴድ ሳርጀንት ቡድን በዚህ መንገድ ከኤሌክትሪኩ 70 በመቶው ለኤትሊን የዋለበትን ውጤት አሳየ። ያኔ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ትዝ ይለኛል። አንዱ ጓደኛዬ «በቃ፣ ሥራ ፈላጊ ልንሆን ነው» አለ።

አልሆንንም። ምክንያቱም ካርቦኔት የሚባል ሌባ ነበረ።

ይህን ሌባ ለማስተዋወቅ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። ጋዙ ኤሌክትሮን በወሰደ ቁጥር ከውኃው ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የሚቀረው ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለአንድ ኤሌክትሮን አንድ ሃይድሮክሳይድ። ሁለት ሃይድሮክሳይዶች ደግሞ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዘው ካርቦኔት ያደርጉታል። አሁን ኤትሊንን እንውሰድ። 2 የጋዝ ሞለኪውል በ12 ኤሌክትሮን አንድ ኤትሊን ይሆናል። 12 ሃይድሮክሳይድ ይቀራል። እነዚያ 12ቱ 6 የጋዝ ሞለኪውል ይበላሉ። እንግዲህ ከ8 ሞለኪውል ኤትሊን የሆነው 2 ብቻ ነው፤ 25 በመቶ። የቀረው ወደ ካርቦኔት ሄደ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ይሻላል፤ ግማሽ በግማሽ ነው።

የተሰረቀውን ማስመለስ ይቻላል፣ ግን ራሱ ኃይል ይበላል። ካርቦኔቱ ከፖታሲየም ጋር ተገናኝቶ ጨው ሲሆን ደግሞ ባሰ። ያንን ስስ ቀዳዳ ይደፍነዋል። ነጭ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጋዝ ማለፍ ያቆማል፤ ፈሳሹ በቀዳዳው ሞልቶ ወደ ጋዙ ወገን ይፈስሳል። ማታ በደህና የተዋችሁትን መሣሪያ ጠዋት ጨው ወሮት ማግኘት የዚህ ሙያ የተለመደ ሰላምታ ነው።

ሰዎች ከዚህ ለማምለጥ ሁለት መንገድ ይዘዋል። አንዱ በአሲድ ውስጥ መሥራት ነው። አሲድ ካርቦኔቱን መልሶ ጋዝ ያደርገዋል። ግን አሲድ የሃይድሮጅን አገር ነው፤ መዳብ እዚያ ሃይድሮጅን ብቻ ያፈላል ተብሎ ይታመን ነበር። የቶሮንቶው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 መዳቡ አጠገብ የፖታሲየም አዮን በብዛት በማከማቸት በጠንካራ አሲድም ሁለት ካርቦን ያላቸው ውህዶች እንደሚገኙ አሳየ። ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ በብር ወይም በከፍተኛ ሙቀት ካርቦን ሞኖክሳይድ መሥራት፣ ከዚያ ያንን ለመዳብ መስጠት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮክሳይድ ጋር እንዲህ በቀላሉ አይገጥምም። ሌባው የሚሰርቀው ያጣል። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ። አመለኛን ሠራተኛ ከመቆጣት የሚችለውን ብቻ መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ፣ ወደ ዋጋው ልመለስ። አንድ ኪሎ ኤትሊን ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ ለመሥራት ተፈጥሮ ራሷ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ኃይል 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ምንም ሳይባክን። በተግባር መሣሪያው በ3.5 ቮልት ቢሠራና ከኤሌክትሮኑ 60 በመቶው ለኤትሊን ቢውል፣ ሒሳቡ በኪሎ 67 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ይህ ጋዙን ለመሰብሰብና ምርቱን ለመለየት የሚወጣውን ሳይጨምር ነው።

በአገራችን ቁጥር እንየው። የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው ሲሆን በዓመት ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። አንዲት አምፖል ሳናበራ ሙሉውን ለዚህ ብናውለው በዓመት ወደ 234 ሺህ ቶን ኤትሊን እናገኛለን። በሌላው ዓለም ከጋዝና ከነዳጅ ዘይት የሚያመርት አንድ ትልቅ ፋብሪካ ብቻውን ሚሊዮን ቶን ያወጣል። ግድቡ በሙሉ የአንድ ፋብሪካ ሩብ እንኳን አልሞላም። የዓለምን ኤትሊን በሙሉ እንዲህ እንሥራ ብንል ደግሞ ዓለም ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ያስፈልጋል።

ብክነቱ በግማሽ ቢቀንስስ? 67ቱ ወደ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ታሪኩ ግን ያው ነው። ስለዚህ «ሰማዩን እናጸዳለን» የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። ይህ ቴክኖሎጂ አየር ማጽጃ አይደለም። ኤሌክትሪክን ወደ ሞለኪውል መቀየሪያ ነው። እንደዚያ ካየነው ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ቶን ጭስ ይበላል?» አይደለም። «ኤሌክትሪክ በቀጥታ የማይገባበት የቱ ሥራ ነው?» ነው።

ምድጃ ላይ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ይገባል። መኪና ላይም ይገባል፤ ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለች በኋላ በየመንገዱ የምናየው ይህንን ነው። ማገዶ የሚሸከም ሰው እያለ፣ ያልደረሰ መስመር እያለ፣ የግድቡን ኃይል ወስዶ ከሲሚንቶ ጭስ ቤንዚን መሥራት ለእኔ ቅጥ ያጣ ነገር ነው። ያ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲነድ ጉልበቱ አብዛኛው በሙቀት ይባክናል። ያንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ብናስገባው መኪናው ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ለጋሼ የምሰጠው ሙሉ መልስ ይኸው ነው። እሳቸው እስካሁን አልተቀበሉኝም። «እናንተ ሁልጊዜ አይሆንም ነው» ይላሉ።

አውሮፕላን ላይ ግን እነግራቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት የሚበር አውሮፕላን በባትሪ አይነሳም። እዚያ ፈሳሽ ነዳጅ የግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በኅብረቱ አየር ማረፊያዎች የሚቀዳው ነዳጅ 2 በመቶ፣ በ2030 6 በመቶ፣ በ2050 70 በመቶ ዘላቂ ከሚባሉት ምንጮች መሆን አለበት። ከ2050ው ውስጥ ግማሹ በኤሌክትሪክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ነዳጅ እንዲሆን ነው የታሰበው። ያንን የሚቀዳው የእነሱ አየር መንገድ ብቻ አይደለም። የእኛም እዚያው ነው የሚቀዳው፤ ሒሳቡም ቲኬታችን ላይ ይመጣል።

ወደዚህ ነዳጅ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በዚያ ጨዋ በተባለው ምርት፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ በኩል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሲቀላቀሉ ፊሸርና ትሮፕሽ የተባሉ ኬሚስቶች ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባገኙት ዘዴ ፈሳሽ ነዳጅ ይሆናሉ። የሚገርመው፣ ያቺ 16 ውህድ ከመዳብ ላይ የቆጠረችው ኬንድራ ኩል ከኢቶሻ ኬቭና ከኒኮላስ ፍላንደርስ ጋር ሆና ትዌልቭ የተባለ ኩባንያ መሠረተች። ኩባንያው የአውሮፕላን ነዳጅ ፋብሪካውን የተከለው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሞዝስ ሌክ ነው። የመዳብን አመል ከማንም በላይ የምታውቀው ሰው ለንግድ ስትነሳ የመረጠችው 16ቱን ሳይሆን አንዱን ነው።

ከዚያ በቀር ፎርሚክ አሲድ አለ። ቆዳ ፋብሪካዎች በደንብ ያውቁታል። 2 ኤሌክትሮን ብቻ ስለሚፈልግ ዕዳው ትንሽ ነው፤ ቆርቆሮና ቢዝመዝ የተባለው ብረት ያለ ብዙ ጣጣ ይሠሩታል። እንደ ፊንጫና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል ሲያብላሉ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሲሚንቶ ጭስ የሚለየው ይህ ነው። አንድ ቀን አገር ውስጥ ትንሽ ነገር እንሞክር ከተባለ እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው። ትንሽ፣ አሰልቺ፣ ዜና የማይሆን ነገር።

ተፎካካሪውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ውኃውን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን አውጥቶ፣ ከዚያ ያንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በሙቀት ማዋሃድ ይቻላል። አይስላንድ ውስጥ ካርቦን ሪሳይክሊንግ ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ሜታኖል ያመረተው እንዲህ ነው። ያረጀ ኬሚስትሪ ነው፣ ግን ይሠራል። የእኛ መዳብ ይህንን ማሸነፍ አለበት፤ እስካሁን አላሸነፈም።

ያሸነፈበት አንድ ቦታ ካለ ምድር ላይ አይደለም፤ መዳቡም አይደለም። የማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናሳ ማርስ ላይ ባሳረፈው ተሽከርካሪ፣ በፐርሲቪራንስ ሮቨር ሆድ ውስጥ ሞክሲ የተባለች ሣጥን ነበረች። በ800 ዲግሪ ሙቀት፣ በሴራሚክና በኒኬል፣ ያንን አየር በኤሌክትሪክ ትሰነጥቀው ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ፕላኔት ላይ ኦክስጅን ሠራች፤ 5 ግራም ገደማ። በ2023 ሥራዋን ስታቆም በድምሩ 122 ግራም ሠርታ ነበር። እዚህ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይዘን ኦክስጅኑን ወደ አየር እንለቃለን። እዚያ ኦክስጅኑ ተፈልጎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይለቀቃል። እዚያ ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሌላ አማራጭ የለማ።

ምድር ላይ የቀረው ትልቁ ጥያቄ የዕድሜ ነው። ውኃ የሚሰነጥቁ የፋብሪካ መሣሪያዎች በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ይሠራሉ። የመዳብ ኤትሊን መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚዘገቡት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዓታት ነው፤ ያም ከተሳካ። መዳብ ሲሠራ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አቶሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ገጹ ራሱን እንደገና ያበጃል። በጥንቃቄ የሠራችሁት ቅርጽ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሌላ ቅርጽ ነው። ጽሑፎቹ ግን ርዕሳቸው ላይ የሚያወጡት መቶኛውን እንጂ ሰዓቱን አይደለም። ይህ ያናድደኛል። 70 በመቶ ለአንድ ሰዓት ከሚሆን 40 በመቶ ለአንድ ዓመት ይሁንልኝ።

የድሮ የላቦራቶሪ ጓደኛዬ እስካሁን እዚያው ሥራ ላይ ነው። ሰሞኑን ደውሎልኝ አዲስ የፖሊመር ሽፋን እንደሞከሩ፣ ውጤቱም ጥሩ እንደሆነ በደስታ ነገረኝ።

«ስንት ሰዓት ቆየ?» አልኩት።

«ቅዳሜንም እሁድንም አለፈ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ጨው ያዘው» አለና ሳቀ። ማክሰኞ እንደገና ጀምረውታል።